የዩኒቨርሲቲ በጀትና የ200 ተማሪ ስኮላርሺፕ፦ ከየት ይጀመር?

ጥያቄ፦ «በአንድ የክልል ከተማ ባለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ የአጋርነትና የውጭ ግንኙነት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። አመራሩ ሁለት ነገር ጠይቆናል። አንደኛ፣ ከፌዴራል መንግሥት የሚመደበው በጀት እንዲጨምር የሚያግዝ ሥራ እንድንሠራ። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ ለ200 አዲስ ችግረኛ ተማሪዎች የሚሆን የስኮላርሺፕ ገንዘብ ከቀድሞ ተማሪዎች፣ ከባለሀብቶችና ከዳያስፖራ እንድናሰባስብ። ለመጀመሪያ በሆቴል የእራት ፕሮግራም ልናዘጋጅ ነው። ከየት ብንጀምር ይሻላል?»

ምላሽ፦

የእራቱን ፕሮግራም ለጊዜው ያቆዩት። እራት ቃል ያስገባል እንጂ ገንዘብ አያስገባም፤ ለማን፣ ምን ያህል፣ ለስንት ዓመት እንደሚያስፈልግ ሳይታወቅ መድረክ ላይ የተጠራ ቁጥር ደግሞ ኋላ ያስጠይቃል። ሁለቱ ሥራዎች የተለያዩ ቢመስሉም አንድ ቦታ ይገናኛሉ። የገንዘብ ሚኒስቴር ባለሙያም ሆነ ለጋሹ ነጋዴ የሚጠይቁት ያው ነው፦ አንድ ተማሪ ስንት ያስወጣችኋል? ከዚህ በፊት የተሰጣችሁስ የት ደረሰ? ይህን በአንድ ገጽ መመለስ እስክትችሉ ድረስ ሌላው ሥራ ሁሉ ቢቆይ ይሻላል።

ጉድለቱ የት ነው?

በመንግሥት ተመድቦ የገባ ተማሪ ምግብ፣ መኝታና ትምህርት ያገኛል። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይመልሳል። ግቢ ውስጥ ኮስት ሼሪንግ የሚባለው ይኸው ነው። ስለዚህ ለጋሽ ፊት ቀርቦ «ለችግረኛ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ» ማለት አያዋጣም። ጠንቃቃ ሰው «ይህንንማ መንግሥት ይሸፍን የለም እንዴ?» ይላል፤ እውነቱን ነው።

ጉድለቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከቤት እስከ ግቢ የሚከፈለው ትራንስፖርት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ሳሙና፣ ለሴት ተማሪዎች ሞዴስ፣ ብርድ ልብስና ጫማ፣ የስልክ ዳታ፣ አሳይመንት የሚሠራበት ኮምፒውተር። ለዓይነ ስውር ተማሪ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነበው ስክሪን ሪደር የሚሠራበት ስልክ። ካፌ መመገቡን ትቶ ኖን ካፌ የሆነውና የምግብ ገንዘቡን በጥሬው የሚቀበለው ተማሪ ሁሉ ተርፎት አይደለም። ከዚያች ብር ቆጥቦ ሌላውን ጉድለት የሚሸፍን አለ፤ ዶርሙን የሚቆጣጠሩት ፕሮክተሮች ያውቁታል። እንዲህ ያለው ተማሪ ትምህርቱን የሚያቋርጠው ብዙውን ጊዜ በወር ሁለት ሺህ ብር በማይሞላ ችግር ነው። ለለጋሽ መነገር ያለበትም ይህ ነው፤ መጠኑ ትንሽ፣ ውጤቱ የሚታይ ነውና።

ራስ ገዝ በሆነ፣ ማለትም ራሱን በሚያስተዳድር ዩኒቨርሲቲ ነገሩ ይለያል። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1294 መሠረት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል፤ ከፍለው የሚማሩ የመጀመሪያ ዲግሪ መደበኛ ተማሪዎችንም ይቀበላል። እዚያ ስኮላርሺፕ ሲባል የትምህርት ክፍያውን ራሱን ይጨምራል። የእናንተም ተራ ሲደርስ የስኮላርሺፕ ፈንዱን ደንብ ከማሻሻል፣ መተዳደሪያውን ስትጽፉ «የትምህርት ክፍያ» የሚለውን ከወዲሁ አንድ መስመር አስገቡበት።

አሁን ስሌቱ። በወር 1,500 ብር ለ10 ወር 15,000 ብር፤ በዓመቱ መጀመሪያ ለትራንስፖርትና ለቁሳቁስ አንድ ጊዜ 5,000 ብር፤ በድምሩ ለአንድ ተማሪ በዓመት 20,000 ብር እንበል። መጠኑን በከተማችሁ ዋጋ አስተካክሉት። ለ200 ተማሪ 4 ሚሊዮን ብር ይሆናል። አመራሩ የሚያስበው እዚህ ድረስ ነው። ነገር ግን በየዓመቱ 200 አዲስ ከተቀበላችሁ በሁለተኛው ዓመት 400፣ በአራተኛው 800 ተማሪ ይኖራችኋል፤ የዓመቱ ወጪ 16 ሚሊዮን ይደርሳል። በአራተኛው ዓመት ለጋሾች ቢጠፉና አዲስ መቀበል ብታቆሙ እንኳ፣ ያሉትን ለማስመረቅ ገና 24 ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል። ምህንድስናና ሕክምና ደግሞ ከአራት ዓመት በላይ ነው። እንዲህ ያሉ ፈንዶችን የሚገድላቸው ይኸው ነው፦ በአንደኛው ዓመት ብዙ ተማሪ ተቀብሎ በሦስተኛው ዓመት ክፍያ ማቆም።

እኔ የምመክረው በዓመት 50 አዲስ ተማሪ መቀበል ነው። በአራተኛው ዓመት በአንድ ጊዜ 200 ተማሪ ይኖራችኋል፤ ወጪውም በዓመት 4 ሚሊዮን ላይ ይቆማል። አመራሩም «200» የሚለውን ቁጥሩን አያጣም። አንድ ደንብ ጨምሩበት፦ አንድን ዙር ከመቀበል በፊት የሁለት ዓመቱ ወጪ፣ ማለትም 2 ሚሊዮን ብር፣ በባንክ ይግባ፤ የቀሪው ሁለት ዓመት ደግሞ በተፈረመ የክፍያ ሰሌዳ ይያዝ።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ?

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስጦታው በዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ከገባ የመንግሥት ገንዘብ ይሆናል። የውስጥ ገቢ ተብሎ በ1900 ኮድ በበጀት መያዝ አለበት፤ አወጣጡም በመንግሥት የፋይናንስና የግዢ ሥርዓት ይመራል። ለአንዲት ተማሪ በጥቅምት የሚያስፈልግ 5,000 ብር በዚህ መንገድ ሄዶ በጥር ቢደርስ አይግረማችሁ። ሌላም አለ። የውስጥ ገቢያችሁ በየዓመቱ ከበጀት ጋር አብሮ ስለሚታይ፣ ለተማሪዎች ብላችሁ ያሰባሰባችሁት ገንዘብ «እነዚህማ የራሳቸው ገቢ አላቸው» የሚያሰኝ ቁጥር ሆኖ በበጀት ክርክር ላይ ሊመጣባችሁ ይችላል።

የሚሻለው ፈንዱን በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ለብቻው አስመዝግቦ ማቋቋም ነው። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ካላችሁና በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ ከሆነ ግማሹ ሥራ አልቋል። ከሌላችሁ በቦርድ የሚመራ ድርጅት ለዚህ ሥራ ይቀላል። አዋጁ የበጎ አድራጎት ኢንዶውመንት የሚባል፣ ንብረት ለበጎ ሥራ በዘላቂነት የሚመደብበት ቅርጽም አለው፤ እሱ ግን ትልቅ መነሻ ንብረት ላለው ሰው እንጂ ከዜሮ ለሚጀምር አይመችም። የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ሕጉ ያስገድዳል። ለስኮላርሺፕ ፈንድ ግን 20 በመቶም ብዙ ነው፤ የቢሮና የሒሳብ ሠራተኛ ወጪውን ዩኒቨርሲቲው በዓይነት ቢችል ለጋሹን «ከሰጡት መቶ ብር ዘጠና አምስቱ ተማሪው እጅ ይገባል» ማለት ይቻላል።

ዩኒቨርሲቲውና ፈንዱ የመግባቢያ ሰነድ ይፈራረሙ። ተማሪ የሚመርጠው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ የሚከፍለው ፈንዱ፣ በቀጥታ ወደ ተማሪው የባንክ ሒሳብ። ዩኒቨርሲቲው በፈንዱ ቦርድ ይወከል፣ አብላጫ ድምፅ ግን አይኑረው። ፕሬዚዳንቱ የቼክ ፈራሚ መሆን የለባቸውም፤ ፕሬዚዳንት ይቀየራል፣ ፊርማ ለማዛወር የሚፈጀው ጊዜ ደግሞ ተማሪውን ያስርባል። በዓይነት የሚመጣ ስጦታ፣ ለምሳሌ ላፕቶፕ፣ ዩኒቨርሲቲው ከተረከበው በንብረት መቀበያው ሰነድ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በማውጫው በሞዴል 22 ይወጣል፤ የመንግሥት ንብረት ስለሆነም ተማሪው ሲመረቅ ይመልሳል። የግሉ እንዲሆን ከተፈለገ ፈንዱ ይረከበው።

«ቋሚ ፈንድ አቋቁመን በወለዱ እናስተምር» የሚል ሐሳብ በየስብሰባው ይነሳል። በ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ በዓመት 4 ሚሊዮን ብር ለማግኘት 57 ሚሊዮን ብር ግድም ማስቀመጥ ይጠይቃል፤ የዋጋ ንረቱ ከወለዱ ሲበልጥ ዋናው ገንዘብ በየዓመቱ አቅም ያጣል። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ 100 ብርን ተሻግሯል፤ በብር ተቀምጦ የነበረ ቋሚ ፈንድ ሁሉ ያን ጊዜ ምን እንደሆነ ማሰብ ነው። ለጊዜው በየዓመቱ የሚሰበሰብና በየዓመቱ የሚወጣ ፈንድ ይበቃችኋል።

ከማን፣ እንዴት?

ከራሳችሁ ሠራተኞች ጀምሩ። 1,500 ሠራተኛ በወር 50 ብር ቢሰጥ በዓመት 900,000 ብር ይሆናል። ከደመወዝ የሚቆረጠው እያንዳንዱ ሰው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው፤ በሴኔት ወይም በጠቅላላ ስብሰባ በጭብጨባ የጸደቀ ተቆራጭ ቅሬታ እንጂ ገንዘብ አያመጣም። ሁለት መቶ ሰው እንኳ ቢፈርም ለውጭ ለጋሽ «እኛም አለንበት» ለማለት ያስችላል።

የቀድሞ ተማሪዎች ዝርዝር ያለው ሬጅስትራር ዘንድ ነው፤ ግን ስም፣ የትምህርት ክፍልና ዓመት እንጂ የአሁን ስልክ የለውም። ዝርዝሩን በትምህርት ክፍልና በባች ከፋፍሉና ለየባቹ አንድ አስተባባሪ ፈልጉ፤ የቴሌግራም ግሩፕ የሌለው ባች እምብዛም የለም። የምትጠይቁት አንድ ጊዜ የሚሰጥ ትልቅ ገንዘብ ሳይሆን በባንክ ቋሚ ትእዛዝ በየወሩ የሚቆረጥ 500 ብር ይሁን። 800 ሰው ቢጸና 4.8 ሚሊዮን ብር በዓመት ነው፤ ከላይ ካሰላነው 4 ሚሊዮን ይበልጣል። በቴሌብር የሚላክ የአንድ ጊዜ መዋጮ ደስ ይላል፤ ለአራት ዓመት ግዴታ ግን መደገፊያ አይሆንም።

ባንኮችና ትልልቅ ኩባንያዎች የበጀት ዓመታቸው በብዛት በሰኔ ወር ይዘጋል። የግል ባንኮች የባለአክሲዮኖች ጉባኤ በብዛት ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ደብዳቤያችሁ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ቢደርሳቸው ለዓመቱ ያቀዱት ገንዘብ ገና አልተከፋፈለም፤ ግንቦት ላይ ብትሄዱ ትርፍራፊ ነው የሚቀራችሁ። የሚጠየቀውም «ድጋፍ» ተብሎ አይቅር፤ «10 ተማሪ ለአራት ዓመት፣ 800,000 ብር፣ በዓመት 200,000 እየሆነ የሚከፈል» ይባል። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለበጎ አድራጎት የተሰጠን ገንዘብ በሕግ እስከተወሰነ መጠን ድረስ በወጪነት እንዲያዝ ይፈቅዳል። ይህንን ለለጋሽ ከመንገራችሁ በፊት ድርጅታችሁ በዚህ እንደሚያሟላ ከገቢዎች በደብዳቤ አረጋግጡ፤ የኩባንያው ሒሳብ ሹም የምዝገባ ምስክር ወረቀትና ሕጋዊ ደረሰኝ ይጠይቃችኋል።

ትልልቅ ዓለም አቀፍ ፋውንዴሽኖች የሚደግፉት በስም የታወቀ ወገንንና ረጅም ዕቅድን ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ያገኘው የአሥር ዓመት፣ 24.2 ሚሊዮን ዶላር ፕሮግራም 450 ተማሪዎችን፣ በተለይም አካል ጉዳተኞችን፣ ለማስተማር የተነደፈ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው መምህራንም በኩዊንስ ትምህርታቸውን እንዲያሻሽሉ ያደርጋል። ጎንደር ከማኅበረሰብ ጤናና ከተሐድሶ ሕክምና ጋር የቆየ ሥራ ስላለው ሐሳቡ ከየትም የተለጠፈ አይመስልም። እናንተም ጠንካራ የሆናችሁበትን አንድ ነገር ምረጡ፦ የአርብቶ አደር ሴት ልጆች፣ የግብርና ተማሪዎች፣ መስማት የተሳናቸው፣ የትኛውም ይሁን። «ችግረኛ ተማሪ» ብቻ የሚል ማመልከቻ ከሌላው ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ በምንም አይለይም።

ዳያስፖራውን በየአገሩ ሕግ ያዙት። አሜሪካ ያለ ሰው ከግብሩ እንዲቀነስለት የሚችለው 501 ሲ 3 ለተባለ፣ እዚያው ለተመዘገበ ድርጅት ሲሰጥ ነው፤ አዲስ ከማቋቋም ይልቅ ይህ ፈቃድ ያለው የማኅበረሰብ ድርጅት ጥላ ሆኖ እንዲቀበልላችሁ መዋዋል ይፈጥናል። እንግሊዝ ውስጥ በጊፍት ኤይድ አንድ ግብር ከፋይ ለሰጠው ለእያንዳንዱ ፓውንድ መንግሥት 25 ፔንስ ይጨምራል፤ እሱም ለተመዘገበ ድርጅት ብቻ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ግን ሌላ ናቸው። እዚያ ያለ ፈቃድ ገንዘብ ማሰባሰብ በሕግ ያስቀጣል። ዱባይ ወይም ሪያድ ላይ ኮሚቴ አታቋቁሙ፤ እዚያ ያሉ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን እያንዳንዳቸው በግላቸው ወደ ኢትዮጵያ ባንክ ቢልኩ ይበቃል። ቃል የሚገባው በውጭ ገንዘብ ከሆነ በዚያው ይመዝገብ፤ ለተማሪው የሚከፈለው ብር ደግሞ በየዓመቱ መስከረም ላይ ይከለስ።

አመራረጡ ላይ አንድ ቃል። የቀበሌ የድህነት ማስረጃ ብቻውን አይበቃም፤ ማንም ያመጣዋል። ቤተሰቡ የሴፍቲኔት ተጠቃሚ መሆኑ፣ ወላጅ አልባነት፣ ከቀዬ መፈናቀል፣ አካል ጉዳት፣ ከቤት ያለው ርቀት ነጥብ ይሰጣቸው፤ የፕሮክተሩ አስተያየትም ይታከል። ምርጫው ከምዝገባ በኋላ በስድስት ሳምንት ያልቅ፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ካለፈ በኋላ የሚደርስ ብር ብዙ ጊዜ ተማሪውን አያገኘውም። ለመቀጠል 3.0 ጂፒኤ መጠየቅ ለለጋሽ ያምራል፣ ግን በአንደኛ ዓመት የሚወድቀው ያው በጣም ድሃው ተማሪ ነው። ውጤቱ ዝቅ ብሎ ዋርኒንግ ያገኘ ተማሪ ቱቶሪያል እየተሰጠው አንድ ሴሚስተር ይታገሥ፤ የሚቋረጠው ሲባረር ብቻ ይሁን። ለለጋሽ በሚላከው ሪፖርት የተማሪ ፎቶና ስም አይውጣ።

ከመንግሥት ወገን

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ክርክሩ ግን የሚያልቀው ከዚያ በጣም ቀድሞ ነው። የበጀት ጥሪው ከጣሪያው፣ ማለትም ልትጠይቁ ከምትችሉት ከፍተኛ መጠን ጋር አብዛኛውን ጊዜ ጥርና የካቲት አካባቢ ይደርሳችኋል፤ ጥያቄያችሁን ቀርባችሁ የምታስረዱበት የበጀት ስሚ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ነው፤ ከዚያ ሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ ሰኔ ላይ ፓርላማ። ግንቦት ላይ ፕሬዚዳንቱ አዲስ አበባ ወጥተው «በጀት ይጨመርልን» ቢሉ የሚሰማቸው ይኖራል፣ የሚጨምርላቸው ግን የለም። ሥራው ከጣሪያው በፊት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። የምታነጋግሩትም ሚኒስትሩን ብቻ ሳይሆን የእናንተን መዝገብ የያዘውን የገንዘብ ሚኒስቴር የበጀት ባለሙያ ነው፤ በስሚው ላይ ቁጥራችሁን የሚያውቅ እሱ ነው።

የሚጠብቃችሁ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ተማሪያችሁ ቀንሷል፣ በጀቱ ለምን ይጨምራል?» በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ስለነበሩ፣ ከዚያ ወዲህ የሚመደበው አዲስ ተማሪ በእጅጉ አንሷል። መልሱ ወጪውን ሁለት ቦታ መክፈል ነው። በተማሪ ቁጥር የማይቀንሰው፣ ማለትም በ6100 የበጀት ኮድ የሚያዘው ደመወዝ፣ መብራት፣ የሕንፃ ጥገና፣ ለብቻው፤ በተማሪ ቁጥር የሚቀንሰው፣ በተለይ ምግብ፣ ለብቻው። የማለፊያ ነጥብ ሳያመጡ በማካካሻ ፕሮግራም የገቡትን ሬሜዲያል ተማሪዎችንም ለይታችሁ አሳዩ። የቀን ምግብ ሒሳብ በ2017 ዓ.ም. ከ22 ወደ 100 ብር ሲያድግ የድሮውን ስሌት ይዞ መቅረብ ራስን መጉዳት ነው። ይህ ሠንጠረዥ ከሌላችሁ ባለሙያው በራሱ ያካፍለዋል፤ አካፍሎም የአንድ ተማሪ ወጪያችሁ ውድ ሆኖ ያገኘዋል።

ካፒታል በጀት ላይ አዲስ ሕንፃ አትጠይቁ፤ 70 በመቶ ላይ የቆመ ካለ እሱን ለመጨረስ ጠይቁ። ያልተጠናቀቀ ፕሮጀክት ይዞ አዲስ የሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ በስሚው ላይ ይመታል። እስከ ጥር መጨረሻ ውሉ ያልተፈረመ ግዢ ደግሞ ሰኔ 30 ላይ ብሩን ወደ ግምጃ ቤት ያስመልሳል፤ ለቀጣዩ ዓመትም «መጠቀም አልቻሉም» ተብሎ ጣሪያው ዝቅ ይላል።

ኦዲት ከሁሉም ይበልጣል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዩኒቨርሲቲው ከሚያነሳቸው ግኝቶች የተለመዱት ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ለዓመታት ያልተሰበሰበ ተሰብሳቢና ከመመሪያ ውጪ የተፈጸመ ግዢ ናቸው። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ አመራሩን ጠርቶ በይፋ ይጠይቃል፤ ዜናውንም ለጋሾቻችሁ ያያሉ። የክረምት ተማሪ ልከው ያልከፈሉ የክልል ትምህርት ቢሮዎች ካሉ ከእነሱ ጋር የሒሳብ ማስታረቂያ ፈርሙ፤ ስለ ተሰብሳቢው የሚነሳው ክርክር የሚጀምረው እዚያ ነው። ለእያንዳንዱ ግኝት የተወሰደውን እርምጃ በሰነድ አስደግፋችሁ በራሳችሁ ተነሳሽነት ላኩ።

የምክር ቤት አባላትን ለማግኘት ምቹው ወቅት ክረምት ነው። ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ሥራውን ዘግቶ የሚከፍተው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ስለሆነ፣ አባላቱ ያን ጊዜ መራጩ ሕዝብ ዘንድ ናቸው። ላቦራቶሪውንና የቆመውን ሕንፃ ያሳዩዋቸው፤ ንግግር አይብዛ። የሰው ሀብት ልማት፣ ሥራ ስምሪትና ቴክኖሎጂ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ለመስክ ምልከታ ሲመጣ የሚጠይቀውን እነሱ ቀድመው ያውቁታል። የሥራ አመራር ቦርዱ ሰብሳቢም ከፍተኛ ባለሥልጣን ከሆኑ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ለአንድ ተለይቶ ለታወቀ ጉዳይ ደብዳቤ እንዲጽፉ አድርጉ፤ ለሁሉም ነገር የሚጠራ ሰብሳቢ ቃሉ ይቀላል። ከክልሉና ከከተማው አስተዳደር መደበኛ በጀት አትጠብቁ፤ ከእነሱ የሚገኘው መሬት፣ የውኃ መስመር፣ መንገድና ለሠራተኞቻቸው ሥልጠና የሚፈረም ውል ነው። የመጨረሻው ገቢ ያመጣል፤ ግን ክፍያው በቅድሚያ ካልሆነ ሌላ ተሰብሳቢ ነው የሚጨምርላችሁ።

እራቱን አሁን ማሰብ ይቻላል። ፈንዱ ተመዝግቦ፣ የመጀመሪያዎቹ 50 ተማሪዎች አንድ ሴሚስተር ተከፍሏቸው ካለፈ በኋላ ይሁን። በየጠረጴዛው የባንክ ቋሚ ትእዛዝ ቅጽ ይቀመጥ፤ የባንኩ ሠራተኛም አዳራሹ ውስጥ ይገኝ። ቃል የገባ ሁሉ መጠኑን፣ የሚከፍልበትን ቀንና ስልኩን ጽፎ ይፈርም። ለሕዝብ የሚነገረው «ቃል የተገባ» ሳይሆን «ገቢ የሆነ» ይሁን። ስም መሰየም የሚፈልግ ባለሀብት ከመጣ ለስኮላርሺፑ ስሙን ለከፈለበት ዘመን ይስጡት፤ የአዳራሽና የሕንፃ ስያሜ ግን የቦርድ ውሳኔ ስለሆነ መድረክ ላይ ማንም ቃል እንዳይገባ ለአስተዋዋቂው ቀድመው ይንገሩት።